የአውሮፕላኑ መተንፈሻ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

ይህች ወረቀት አንቺንም ቤተሰቡንም በሙሉ ጤና ታገኛችሁ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከእናንተ ከመራቄ በቀር ሰውነቴ ምንም አልጎደለበትም። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ልብሴንም በየሳምንቱ አጥባለሁ፤ ይህን የመጨረሻውን እናታችን ትጠይቃለችና አስቀድሜ ጻፍሁት።

ለእናታችን ጉልበቷን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የወገቧ ውጋት ቀለል ብሎላት እንደሆነ፣ የላክሁላት ቅባትም አልቆ እንደሆነ ሳትደብቂ ጻፊልኝ። ለአባታችን ከፍ ያለ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ እዚህ መዶሻ በሰማሁ ቁጥር የእርሳቸው የብረት ሥራ ቤት መስሎኝ ቀና እንደምል ንገሪልኝ። ለታላቅ ወንድማችንና ለባለቤቱ፣ ለመንትዮቹም፣ ሁለቱንም እኩል ሳሚልኝ፤ አንደኛዋ ቀድማ ከተሳመች ሌላኛው እንደሚያኮርፍ አልረሳሁም። ለአክስታችን ለባለ ሱቋ፣ ሚዛኑን በትንሽ ጣቷ መደገፏን ትታ እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ካልተወችም ጤነኛ ናት ማለት ነውና ደስ ይለኛል። «ነገ» ብለን ለምንጠራው አጎታችን፣ ጣሪያውን ሊጠግን የገባው ቃል ከምን እንደደረሰ ብሰማ እወዳለሁ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ፣ የሰፋችልኝ ኮት እጅጌው ረዝሞብኝ ነበር፣ አሁን እጄ ደርሶበታል በያት። ስሙን ያልጠራሁት ሰው ቢኖር ወረቀት አንሶኝ እንጂ ልቤ ጠቦ እንዳልሆነ አስረጂልኝ።

ስለ ሥራዬ ለጠየቃችሁኝ፦ አውሮፕላኑ ሊያልቅ ነው። ቀጣሪዬ ጥርስ ሐኪም መሆናቸውን ከዚህ በፊት ጽፌላችኋለሁ። ከቤታቸው ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ አውሮፕላን በገዛ እጃቸው መሥራት ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰፈሩ «ጥርስ ነቃዩ ሰማይ ሊነቅሉ ነው» እያለ ይሳለቅባቸዋል፤ እርሳቸውም ሲሰሙ «ማደንዘዣ ወግቼ ነው የምነቅላት፣ አትፍሩ» ይላሉ። ማብረር ተምረዋል፣ ፈቃዱም አላቸው። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ሆነው ያስነሱታል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ለሁሉም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ሁለተኛውን ወረቀት ግን እጠፊውና ብቻሽን ስትሆኚ ክፈቺው።

*

እታለሜ፤

ይህን የምጽፍልሽ ሐሙስ በቀትር፣ በመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ነው። ባልደረባዬ ብየዳ ሠራተኛው፣ «ብልጭታ» የምንለው፣ ምሳውን ሊበላ ወጥቷል። እስኪመለስ ያለችው ጊዜ የኔ ናት። ቅዳሜ ሊመጣ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ እኔ የማውቀውን ነገር ሐኪሙ አያውቁም።

እናንተ ቤት «አውሮፕላን ሠሪ» እየተባልሁ እንደምጠራ ሰምቻለሁ። የኔ ሥራ ላሜራ ማጠፍና ቱቦ መግጠም ነው። ላለፉት ሁለት ወራት የተሰጠኝም የሞተሩ አየር መሳቢያ ነበር። ሞተር በቤንዚን ብቻ አይሄድም፤ መተንፈስ አለበት። አየሩ በአፍንጫው ሥር ባለች ቀዳዳ ገብቶ በማጣሪያ ያልፋል፤ እኔ ከላሜራ በሠራሁት ሳጥን ውስጥ ይሰበሰባል፤ ከዚያም ክንድ በሚያህል ቱቦ ከቤንዚኑ ጋር ወደሚቀላቀልበት ወደ ካርቡራተሩ ይሄዳል። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ክዳን አለች። ከፍ ብሎ ሲበር ካርቡራተሩ ውስጥ በረዶ ሊጋገር ይችላልና፣ አብራሪው ሽቦ ስቦ ክዳኗን ሲያዞራት በጭስ ማውጫው በማርሚታው ግለት የሞቀ አየር ይገባል። ሳጥኑን ሦስት ጊዜ አፍርሼ በአራተኛው አሳምሬ ሠርቼዋለሁ፤ በእርሱ አላፍርም። የማፍረው በቱቦው ነው።

ሐኪሙ ከሞተሩ ጋር የመጣ ቱቦ ሰጥተውኝ ነበር፤ ጠንካራ፣ ውስጡም እንደ ጠርሙስ የለሰለሰ። ሞተሩን ከተሸከሙት ብረቶች አንዱ መንገዱ ላይ ስለቆመ ቱቦው ያን ብረት ዞሮ ማለፍ ነበረበት። በሲባጎ ለክቼ ቆረጥሁት። ሲባጎው ግን በብረቱ ላይ በቀጥታ ተዘርግቶ ነበር፤ ዙሩን አልለካሁም። ቱቦው አራት ጣት አጠረ።

ያን ጊዜ «አጥፍቻለሁ» ብል ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። የተቆረጠውን ከላሜራ ፍርፋሪው ጋር ጣልሁት፤ የቀረውን በመጋዘኑ ጥግ ከተከመሩት ጆንያዎች ሥር ደበቅሁት። ለሐኪሙም «ይህ ቱቦ አይታጠፍም፣ ሌላ ይፈለግ» አልኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝና «አንተ ካልህ አይታጠፍም ማለት ነው» አሉኝ። ደጋግመው ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመለዋወጫ ሱቅ ሌላ ቱቦ መርጬ አመጣሁ። በውጭ ጎማ ነው፣ መሐሉ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፣ ውስጡ ደግሞ ጨርቅ ተለጥፎበታል። በእጅ ሲያዙት እንደ ገመድ ይታዘዛል። አንቺ እንዳስተማርሽኝም ፈተንሁት። አንዱን አፉን በመዳፌ ደፍኜ በሌላው ነፋሁበት፤ ጉንጬን በምራቅ አርሼ ወደ ቱቦው አስጠጋሁ፤ የአባባን የእሳት ማናፊያ ወናፍ ስፌት ስትፈትኚ እንደምታደርጊው። አንዲት ትንፋሽ እንኳ ጉንጬን አላቀዘቀዘችውም። ብልጭታ ከብየዳው ቀና ብሎ «ኧረ ኢንጅነሩ ቱቦ እየሳመ ነው! ሠርጉ መቼ ነው?» እያለ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሐኪሙ መጥተው «ፈተንኸው?» ሲሉኝ «ነፍቼዋለሁ፣ ምንም አያስወጣም» አልኋቸው። እውነቴን ነበር።

ሰኞ ዕለት የአውሮፕላኑን ጅራት ከምሰሶ ጋር አስረን ሞተሩን በሙሉ ጉልበቱ አስነሳነው። ዐሥር ደቂቃ ያህል እንደሄደ ድምፁ ወረደ፤ ዳገት የወጣ ሰው እንደሚያደርገው ቁና ቁና ተነፈሰ። ሐኪሙ ቤንዚኑን ሲቀንሱለት ዳነ። «የዛሬው ሙቀት ነው» አሉ። እኔ ቱቦውን ፈትቼ እንደገና ነፋሁበት፤ እንደገናም ደህና ነበር።

በዚያው ከሰዓት ባለቤታቸው ወደ መጋዘኑ መጡ። እትዬ እንላቸዋለን። በስድስት ዓመት ውስጥ ከደጃፉ አልፈው የገቡት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ይባላል። የክንፉን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው፣ ሌላውን ሁሉ ትተው ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እነዚህ እውቀት አለን የሚሉትን አልጠይቅም። አንተን ልጠይቅህ፦ አንተ ትገባበታለህ?» አሉኝ። «አዎን እትዬ፣ ዛሬውኑ» አልሁ። ትከሻቸው ሲረግብ አየሁት። ሲወጡም ለቅዳሜ ጎረቤቶቻቸውን እንደሚጠሩ ለሐኪሙ ነገሯቸው፤ ሐኪሙ ደግሞ ደስ ብሏቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

አሁን ወደ ትናንትናው፣ ወደ ረቡዕ ልምጣ። የሐኪሙ ክሊኒክ በር አልዘጋ ብሎ ልጠግነው ሄጄ ነበር። ከበሩ ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ አንዲት ሴትዮ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል፤ የሐኪሙ ረዳት በቀጭን ቱቦ ምራቃቸውን ትመጥጣለች። ድንገት ቱቦዋ የሴትዮዋን ጉንጭ ስባ ያዘችና ራሷ ጠፍጣፋ ሆነች። ድምፅዋም ተቋረጠ። ረዳቷ «ይቺ ደግሞ ዛሬም ጉንጭ አማራት!» ብላ በጣቷ ነቅላ አላቀቀቻት፤ ሴትዮዋ አፋቸውን እንደከፈቱ ሳቁ።

ካቻቢቴዬን መሬት ላይ ጣልሁት። ወናፍ ይነፋል፤ ሞተር ግን ይስባል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው መንፋትን ብቻ ነው። በነፋሁበት ቁጥር ጨርቁን ወደ ግድግዳው እየለጠፍሁት ደህና ነው እያልሁ ነበር።

በሩን ሳልጨርስ ወደ መጋዘኑ ሮጥሁ። ቱቦውን ፈታሁ፣ አንዱን አፍ ደፈንሁ፣ በሌላው በኩል አፌን ገጥሜ በኃይል ሳብሁ። እታለሜ፣ ምላስ የሚያህል ጨርቅ ከውስጥ ተነስቶ ከንፈሬን ነካኝ። ጣቴን ሰድጄ ብዳስሰው፣ በግለቱ ሙጫው ለቆ ጨርቁ ስንዝር የሚያህል ተላቅቋል። ከውጭ ሲታይ ጭረት እንኳ የለበትም። ሰማይ ላይ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን በተጠየቀ ጊዜ ያ ጨርቅ ጉሮሮውን ይዘጋዋል።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። የብልጭታን እግር ድምፅ ስሰማ መልሼ ገጠምሁት። ማጥበቂያ ቀለበቱን እንኳ በደንብ አጠበቅሁት።

ዛሬ ጠዋት በድብቅ ሌላ ቱቦ ፍለጋ ሁሉንም ሱቅ ዞርሁ፤ ያለው ያው ዓይነት ነው። ቅዳሜ ሞተሩ እንዳይነሳ ቤንዚኑን ከምታቀጣጥሉት አንዷን ካንዴላ ልሰብር አሰብሁ፤ እጄም ደርሶባት ነበር። ነገር ግን ካንዴላ ይለወጣል፤ ሌላ ቅዳሜም ይመጣል። ስለ ጨርቁ ብናገር ስለ ቁራጩ እጠየቃለሁ። ስለ ቁራጩ ብናገር፣ ከዚያ በኋላ የገጠምሁትን ሁሉ ማን ያምነዋል?

እንዴት ዝም ማለት ቻልህ ብለሽ አትጠይቂኝም። ፍሙ የአባባን ቀኝ እጅ ያቃጠለ ዕለት፣ አባባ የተቀደደውን ወናፍ እያዩ «ዛሬ ጠዋት ይህን የፈተነ ማነው?» ሲሉ እኔ እግሬን እያየሁ ነበር። ከኔ በፊት ሌላ ሰው መለሰ። ዝምታ እንደሚቻል የተማርሁት ያን ቀን ነው።

ብልጭታ እያፏጨ መጣ። ወረቀቱን ላጥፈው።

*

ዛሬ ቅዳሜ ነው።  ነገሩን እንደሆነው በተራ እጽፍልሻለሁ።

ትናንት ዓርብ ሐኪሙ ወደ መጋዘኑ አልመጡም፤ ለቅዳሜ እረፍት እንዲሆናቸው ሕመምተኞቻቸውን በአንድ ቀን ሊጨርሱ ነበር። ወደ ክሊኒኩ ሄድሁ። ረዳቷ «በሩን ልትጨርስልን ነው?» አለችኝ። «ሐኪሙን ፈልጌ ነው» ብላት «ሁሉም እሳቸውን ፈልጎ ነው፣ ተራ ያዝ» አለችኝ። ጉንጫቸው ካበጠ ሰዎች መሐል ተቀመጥሁ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ እስከ በሩ ደረስሁ፤ ሁለት ጊዜ ተመለስሁ። አንድ ሽማግሌ አይተውኝ «አይዞህ፣ መርፌው ነው እንጂ መንቀሉ አያምም» ብለው አበረታቱኝ።

ተራዬ ሲደርስ ሐኪሙ ቀና ሳይሉ «ተቀመጥ፣ ክፈት» አሉ። እኔ መሆኔን ሲያዩ ሳቁ። «አንተ ፈሪ! ጥርስህን እያመመህ ነው ሁለት ቀን ፊትህ የከሰለው?» ብለው መስታወቷን አፌ ውስጥ አስገቡ። አፌ ተከፍቶ፣ መብራቱ ዓይኔ ላይ በርቶ፣ ቃል ማውጣት አልቻልሁም። እጃቸውን ያዝሁት። ታካሚ እጃቸውን ይዟቸው አያውቅም መሰለኝ፣ ደነገጡ።

«ጥርሴን አይደለም፤ ቱቦው ነው» አልሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ተናገርሁ፤ ጨርቁን፣ ሰኞ ሞተሩ የወረደበትን፣ ሲባጎውን፣ ቁራጩን፣ ጆንያውን። በሩ ክፍት ስለነበር ውጭ ተራ የሚጠብቁትም ያዳምጡ ነበር።

ሐኪሙ ጓንታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። «መቼ አወቅህ?» አሉ። «ረቡዕ» አልሁ። «ዛሬ ምንድነው?» አሉ። «ዓርብ» አልሁ። ከዚህ የከፋ ነገር አልተናገሩኝም፤ ግን ከዚህ የከፋ ነገር ተናግሮኝ የሚያውቅ የለም። ቀጥለውም «በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ በቀን ሁለቴ ጥርሴን እፍቃለሁ እያለ ይዋሸኛል። ሳይዋሽ የተነሳ አንተን አየሁ» አሉ። ይቅር ማለታቸው ይሁን መሳለቃቸው አልገባኝም። «ነገ በአንድ ሰዓት ተገኝ፤ ቱቦውን እንዳትነካው» ብለው ቀጣዩን ጠሩ።

ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ሳላውቅ ነጋ። በአንድ ሰዓት ስደርስ አውሮፕላኑ ወደ ሜዳው ተገፍቶ ወጥቷል። ጎረቤቶች ወንበር ይዘው መጥተዋል። ሐኪሙ የማብረሪያ ጃኬታቸውን ለብሰዋል። እኔን አዩና ወጥተው መቀመጫው ላይ ተቀመጡ፣ ቀበቶውንም አሰሩ።  የነገርኋቸውን አላመኑኝም ይሆን፣ ወይስ በእንግዳ ፊት ከሚያፍሩ መነሳት መርጠው ይሆን ብዬ አውሮፕላኑ ፊት ሄጄ ቆምሁ። ፕሮፔለሩ በደረቴ ትክክል ነበር። ብልጭታ «አብደሃል እንዴ? ዞር በል!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ግን ሐኪሙን ብቻ እያየሁ «አይነሳም! አላስነሳውም!» አልሁ።

ሐኪሙ ቀበቷቸውን ፈትተው ወረዱ። ለካስ መሪውን የሚፈትሹ መስለው ተቀምጠው፣ ባለቤታቸው እስኪመጡ ነበር የሚጠብቁት። «እኔም አላስነሳውም ነበር» አሉኝ በዝግታ፤ «አንተ ግን ከፊቱ መቆምህን አየሁ።»

እትዬ ሲመጡ ሐኪሙ ሽፋኑን ከፍተው ቱቦውን ፈቱና፣ አንዱን አፍ በመዳፋቸው ደፍነው ሌላውን ለባለቤታቸው ዘረጉላቸው። «ሳቢው» አሏቸው። እትዬ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት አፋቸውን ገጥመው ሳቡ። ጨርቁ ከንፈራቸውን ሲነካቸው ወደ ኋላ አሉ። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠርገው እኔን አዩኝ።

«ትገባበታለህ ብዬህ ነበር» አሉ።

«አዎን እትዬ» አልሁ።

«አሁንስ?»

«አልገባም።»

ከጎረቤቶቹ አንዱ «ሰማይ ለዛሬ ተረፈች በሉኛ!» ብሎ ሊያስቅ ሞከረ፤ የሳቀለት የለም። ሐኪሙ ለሚስታቸው «ይህ ልጅ ይቆይ ወይስ ይሂድ፣ አንቺ ወስኚ» አሏቸው። እትዬ መልስ እስኪሰጡ ድረስ የቆምሁበትን ሣር አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። በመጨረሻ «ይቆይ» አሉ። «ትክክለኛው ቱቦ ይምጣና እሱ ይግጠመው። የምፈትነው ግን እኔ ነኝ፤ በገዛ አፌ እስብና አያለሁ። እኔ እሺ ሳልል ማንም አይነሳም» አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። ሰላም አላሉኝም፤ እስካሁንም አላናገሩኝም። ሐኪሙም የመጋዘኑን ቁልፍ ከኔ ወስደው ለብልጭታ ሰጡት። ይገባኛል።

እታለሜ፤ ብልጭታ አሁን ከጎኔ ሆኖ ዘይት እየጠረገ «ይቺ ቀን እስክታልፍ ስንት ወረቀት ትጨርሳለህ?» ይለኛል። እኔ ግን ዋናውን ገና አልጻፍሁም።

በዚያ ሜዳ ላይ እትዬ ጨርቁ ከንፈራቸውን ነክቷቸው ሲያዩኝ፣ ዓይኔን ከዓይናቸው አላነሳሁም። ይህን ከዚህ በፊት አንድም ቀን አድርጌው አላውቅም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። የአባባ ወናፍ በአንቺ እጅ ተሰፍቶ አንድም ቀን አልተቀደደም ነበር። ያን ዕለት ጠዋት አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትሄጂ፣ «ስፌቱን ፈትነው» ያልሽኝ እኔን ነበር። እኔም «እሺ» አልሁሽ፤ ግን አልፈተንሁትም። አባባ ሲጠይቁም «እኔ ነኝ» ብለሽ ጥፋቴን የወሰድሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ በኋላ መዶሻ ቤቱ ደጃፍ እንዳትደርሺ ከተከለከልሽ አራት ዓመት ሆነ። ጓደኛዬ ባለፈው ሲጽፍልኝ አንቺ አሁን ጆንያ እየሰፋሽ እንደምትውዪ ነገረኝ። ያን ያህል እጅ ያለው ሰው ጆንያ!

ለአባባ በራሴ እጅ ልጽፍላቸው አስቤያለሁ። ነገር ግን እውነቱን ስጽፍ አንቺ ያን ቀን የተናገርሽውም ስለሚወጣ፣ ያላንቺ ፈቃድ አንድ ፊደል አላስቀምጥም።

ፈጣሪ ጣቶችሽን ይጠብቅልኝ። እናታችንን ወገቧን ያበርታላት፣ ቤቱን ያሙቀው፣ የደከሙበትን ያድርስላችሁ። እኔንም ከፊታችሁ ቀና ብዬ የምቆምበትን ቀን አይንፈገኝ።

እባክሽ ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ዕለት፣ በተመላሹ ፖስታ መልስ ስጪኝ። ሌላ ምንም ባትጨምሪ ግድ የለም፤ «ጻፍላቸው» ወይም «አትጻፍላቸው» ብለሽ አንዱን ብቻ።

መልስሽን የሚጠብቅ
ታናሽ ወንድምሽ